በቂብላችን አቅጣጫ ያለው ተራራ
(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

  

የዛሬውን ዝግጅታችንን በአንድ ቀላል ጥያቄ እንጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ ቆማችሁ ወደ ቂብላ ስትዞሩ ፊታችሁ ወዴት ነው የሚያቀናው? መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ለጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው የምትገኘው። ስለዚህ ፒያሳም ይሁን መርካቶ፣ ሳሪስም ይሁን ቦሌ ለሶላት የሚቆም ሰው በስተፊቱ በኩል ከከተማዋ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚቆመው የእንጦጦና የየካ ተራራ ነው። የምንዞረው ወደ ካዕባ እንጂ ወደ ተራራው እንዳልሆነ መናገር አያስፈልግም። ነገር ግን በቀን አምስት ጊዜ ፊታችንን በዚያ አቅጣጫ እያዞርን ዕድሜያችንን የምንጨርስ ሰዎች፣ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ወጥተን ያየነው? ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ በሦስት ቀን ቆይታው የሚጎበኘውን ቦታ፣ ሠላሳ ዓመት ከሥሩ የኖረ ሰው «በመኪና አልፌበታለሁ» ሲል መስማት የተለመደ ነው።

ዒድ ሲደርስ፣ ትምህርት ቤትም ሲዘጋ፣ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው? አቅም ያለው ላንጋኖ ወይም ሶደሬ ይላል። ከዚያ በላይ አቅም ያለው ደግሞ የውጭ አገር የባሕር ዳርቻ ያስባል። ቴሌቪዥኑ ሽርሽር ማለት አሸዋና ማዕበል መሆኑን ነግሮናልና ልጆቻችን ባሕር ማየት ቢመኙ አይገርምም። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ከወጣቶቻችንም ብዙዎቹ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ለመዝናናት ሄደው አይደለም፤ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገሩ ሲሉ ነው። አላህ የሞቱትን ይማር። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ነውና ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን። ለዛሬ ግን ጉብኝት የግድ ገንዘብና ባሕር እንደማይጠይቅ፣ ታሪክም፣ አረንጓዴ ቦታም፣ የውሃ ዳርቻም በታክሲ ሒሳብ የሚደረስበት ቦታ እንዳለን ነው የምንነጋገረው።

በምድር ላይ እየተጓዝን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ነገራቸው እንዴት እንደተፈጸመ እንድናይ የቁርአን አንቀጾች በተለያዩ ቦታዎች ያሳስቡናል። ልብ በሉ፤ የተጠየቅነው መሄድ ብቻ ሳይሆን መመልከትም ነው። ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቆሎ በልቶ፣ ላስቲኩን ጥሎ የተመለሰ ሰው ሄዷል፤ አይቷል ለማለት ግን ያስቸግራል። ታዲያ እንጦጦ ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

ከዛፉ እንነሳ፤ ከከተማው ቀና ብሎ ለሚያይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው እርሱ ነውና። ዛፉን ባሕር ዛፍ እንለዋለን። ስሙን በየቀኑ ስለምንጠራው ትርጉሙን ረስተነዋል እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር በሚጠጋ ተራራ ላይ፣ ባሕር አይቶ በማያውቅ ሕዝብ መካከል፣ ባሕር በሚባል ዛፍ ተከበን እንኖራለን። እንዴት መጣ? ታሪኩ የከተማችንም ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር እናድርገው።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸውን እንጦጦ ላይ አደረጉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ አራቱን ማዕዘን ማየት ይቻላል፣ ጠላት ሳይታሰብ ሊደርስ አይችልም። ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም በ1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ ወጥቶ ቤተ መንግሥታቸውን የሚያይ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። ወርቅና ዕብነ በረድ ጠብቆ ከነበረ የሚያገኘው በጭቃና በእንጨት የተሠራ፣ ኖራ የተቀባ፣ ወለሉ ጠበብ ያለ ቤት ነው። የዓድዋን ዘመቻ የመሩ ንጉሥ የኖሩበት ቤት ከብዙዎቻችን አያቶች ቤት ብዙም አይለይም። እኔ በበኩሌ ከሙዚየሙ አልባሳት ሁሉ ይልቅ ያ የጭቃ ግድግዳ ብዙ ነገር ይናገራል ባይ ነኝ። ልጆቻችሁን ስትወስዱ ግድግዳው ዘንድ አቁማችሁ አሳዩአቸው።

ተራራው ለጦር ይመቻል እንጂ ለኑሮ አይመችም ነበር። ብርዱና ንፋሱ ከባድ ነው። ሰውና ሠራዊት ሲበዛ ደግሞ ማገዶው አለቀ። የጥንቱ ጥድና ወይራ ለቤት ሥራም፣ ለእሳትም ተቆርጦ ተራራው ተራቆተ። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ ወዳለው ፍል ውሃ ይወርዱ ነበርና ቦታውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠርቶ ሥፍራው አዲስ አበባ ተባለ። የማገዶው ችግር ግን ተከትሏቸው ወረደ። በዙሪያው ያለው ዛፍ ሁሉ ሲያልቅ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ምኒልክ ከተማውን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በአገራችን የቆየው ልማድም ይኸው ነው፤ እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣል።

አዲስ አበባን ከመነሣት ያዳናት ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገር ገባ። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማው በባሕር ዛፍ ተዋጠ፤ ተራራውም እንደዚሁ። ግንዱ ለቤት፣ ቅርንጫፉ ለማገዶ፣ ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ ሆነ። ጉዳትም አለው። ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልብ አያበቅልም፣ ውሃ ይመጣል፣ ቅጠሉ ሲጠረግ ደግሞ መሬቱ ራቁቱን ቀርቶ ዝናብ አፈሩን ያወርደዋል። በዚህ ምክንያት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእንጦጦ ላይ ጥዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውንና ዝግባውን መልሶ ለመትከል ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። እንግዲህ አንድ ዛፍ ከተማ ሲያድንም፣ ተራራ ሲጎዳም በዓይናችን እናያለን። ባሕር ዛፍን መርገም የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ያ ዛፍ ባይኖር ኖሮ ግን የሚረግሙበት ከተማ አይኖራቸውም ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ከሽሮ ሜዳ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግሩ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በጫካው ውስጥ ቀጫጭን፣ ጎድጎድ ያሉ የእግር መንገዶች ያገኛል። ለጎብኚ የተሠሩ አይደሉም። የእንጨት ተሸካሚ እናቶች እግር ነው የሠራቸው። ሌሊት ተነሥተው፣ ተራራውን ወጥተው፣ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ሠላሳና ሠላሳ አምስት ኪሎ የሚሆን፣ አንዳንዴም ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚቀራረብ ሸክም በገመድ አሥረው በጀርባቸው ይወርዳሉ። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ፊታቸው አይታይም። ከተማችን ከመቶ ዓመት በላይ እንጀራዋን የጋገረችው ከእነዚህ ጀርባዎች በወረደ እሳት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጥበቃ ሲያዙ ሸክማቸውን የተቀሙ፣ የተደበደቡ፣ ከዚያም የባሰ በደል የደረሰባቸው ብዙ ናቸው።

ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ስወርድ ከአንዲት ጎስቋላ እናት ጋር በጠባብ መንገድ ላይ ተገናኘን። እኛ ሳቅና ጨዋታ ላይ ስለነበርን መንገዱን ሞልተነዋል። ከመካከላችን አንዱ ደንገጥ ብሎ፣ «እማማ፣ ጥቂት ልያዝልዎት?» አላቸው። ቀና ሳይሉ፣ «ኧረ ተወው ልጄ፤ የለመደ ጀርባ ነው። መንገዱን ብቻ ልቀቁልኝ፤ ከቆምኩ መልሼ መነሣት አልችልም» አሉት። ሁላችንም ወደ ገደሉ በኩል ተጠግተን አሳለፍናቸው። ከዚያ በኋላ ማናችንም ብዙ አልተናገርንም።

ይህን ያነሣሁት ላሳዝናችሁ አይደለም። ወደ እንጦጦ የሚሄድ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት የመጀመሪያ ነገር ስለሆነ ነው። እኛ ለመዝናናት የምንሄድበት መንገድ ለሌላው የእንጀራ መንገድ ነው። መንገዱን መልቀቅ፣ ሰላምታ መስጠት፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሣት ቀላል ነገሮች ናቸው። በተለይ ፎቶውን አደራ። አንዲት እናት በሸክም ጎብጣ፣ ላቧ እየተንጠባጠበ ሳለ ስልካችንን ብናቀና ያ ምስል የማን ነው? የእኛን እናት እንዲህ አድርጎ የሚያነሣ ሰው ብናገኝ ዝም እንለዋለን ወይ?

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። የተነጠፈ መንገድ፣ የብስክሌት መሄጃ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ምግብ ቤት ተሠርቷል። ከእንጨት ተሸካሚ እናቶች መካከል ሸክሙን ትተው በሌላ ሥራ የተሰማሩ አሉ፤ ከዚያም በፊት ቢሆን ከሸክም ወጥተው በሽመና የሚተዳደሩ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አቋቁመዋል። የእጃቸው ሥራ የሆነ ሻሽና ፎጣ ከመሐላቸው ገዝቶ መመለስ ከፕላስቲክ መጫወቻ የተሻለ የጉብኝት ትዝታ ነው። ሁሉም ግን ከሸክሙ አልተላቀቁም። ከፓርኩ አጥር ውጭ ባለው ጫካ ጎህ ሲቀድ የቆመ ሰው ዛሬም ያያቸዋል።

ከእንጦጦ ወደ ምሥራቅ ተራራው ሳይቋረጥ ወደ የካ ይዘልቃል። እዚህ ያለው ታሪክ ደግሞ ከምኒልክ ዘመን በብዙ ይርቃል። ከተራራው ላይ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአካባቢው ትውፊት ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ያቀርቡታል። ጣሪያው ተደርምሷል፤ ግድግዳውና ዓምዶቹ ግን ቆመዋል። ላሊበላን ለማየት የሚመኝ የአዲስ አበባ ሰው ተመሳሳይ ጥበብ ከመገናኛ በላይ ባለው ተራራ ላይ እንዳለ አያውቅም። ይህ እንግዲህ የሌላ እምነት ተከታዮች የአምልኮ ቦታ ነው። ወደ ውስጥ መግባትን በተመለከተ ጥያቄ ያለው ሰው ዓሊሞቹን ይጠይቅ፤ እኔ የማወራው ስለ አደብ ነው። በግቢያቸው ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ያልተፈቀደ ቦታ አለመግባት፣ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ፈውስ ፍለጋ የመጡ ሕመምተኞችን እንደ ትርዒት አለማየት ከእኛ ይጠበቃል። ወደ መስጊዳችን የሚመጣ እንግዳ እንዲያደርግልን የምንፈልገውን ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ አድማጭን ማታለል ይሆንብኛል። በዚህ ተራራና በዙሪያው ከምኒልክ በፊትም የነገሥታት መቀመጫ ነበር። ባራራ የተባለች ከተማ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ተጽፋለች፤ ተመራማሪዎችም ከወጨጫ እስከ የረር ባለው አገር፣ እንጦጦንም ጨምሮ፣ ፍርስራሾችን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ያ ዓይነቱ የከተማ ኑሮ የጠፋው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ ጊዜ ነው። በዚያ ጦርነት ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሏል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም በሙስሊሙ ላይ የደረሰው ግፍ እናንተም የምታውቁት ነው። ፍርስራሽ ላይ የቆመ ሰው የሚቆጣበትን ሰው ፍለጋ ከሄደ ሁልጊዜ ያገኛል፤ በየትኛውም ወገን። ልጆቻችን ጠይቀው ሲያፍሩ ወይም ሲፎክሩ ከማየት የሆነውን እንደሆነ ብንነግራቸው ይሻላል። ያ ትውልድ አልፏል፤ ለሥራው ተጠያቂው እርሱ ነው። ዛሬ በየካ ተራራ ሥር በአንድ ግቢ፣ በአንድ የውሃ ቧንቧ የሚጠቀሙ የሙስሊምና የክርስቲያን ጎረቤታሞች ሌላ ሥራ አለባቸው።

በየካ ግርጌ ደግሞ ሌላ ዓይነት ታሪክ አለ። ከዓድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ሲልኩ ምኒልክ በዚህ በኩል ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። የእንግሊዝ፣ የሩሲያ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ኤምባሲዎች ዛሬም በዚሁ ወገን፣ ጫካ በመሰለ ግቢ ውስጥ ናቸው። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የምንለው የሰፈር ስም ከዚያ የመጣ ነው። በእንግሊዞቹ ግቢ በ1902 ዓ.ም. የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲገር በኋላ አድጎ የዐረብ ምድርን ታላቅ በረሃ፣ ሩብዑል ኻሊን፣ ከበደዊን ጋር በግመል ያቋረጠ ተጓዥ ሆኗል።

የራሳችን ወገን አሻራስ? ወደ ምዕራብ፣ በጉለሌ በኩል እንመልከት። «ሸጎሌ» የሚባለውን ሰፈር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የአውቶቡስ ተራም አለው። ስሙ የመጣው ከቤኒ ሻንጉሉ ገዥ ከሸኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ነው። ሸኽ ኾጀሌ እየተባለ፣ ሸኾጀሌ ሆኖ፣ በአፍ ሲንከባለል ሸጎሌ ሆነ። በዚያ የነበራቸው ቤት ከከተማችን ቆየት ካሉ ቤቶች የሚቆጠር ነው። በየቀኑ ታክሲ ውስጥ «ሸጎሌ ወራጅ አለ» ስንል የአንድ ሙስሊም ገዥ ስም እየጠራን መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? ታሪካችን ያልተጻፈ ነው እያልን እናዝናለን፤ ትክክል ነው፤ ግን አንዳንዱ በታክሲ ረዳት አፍ ሲጠራ እየሰማነው ነው የምናልፈው።

አሁን ደግሞ ወደ ውሃው። ቀደም ሲል የውሃ ዳርቻም አለን ብዬ ነበር። የእንጦጦ ጫፍ እንደ ቤት ጣሪያ ነው። በሰሜን ተዳፋቱ፣ በሱሉልታ በኩል የወረደ ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ አባይ ይገባል፤ የሕዳሴውን ግድብ አልፎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ድረስ ይሄዳል። በደቡቡ ተዳፋት የወረደው ደግሞ በእኛ ከተማ መሐል አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በዝናብ ቀን ጫፉ ላይ የቆመ ሰው አንዱ ጠብታ ወደ ግራ ወድቆ እስከ እስክንድርያ አገር፣ ጎረቤቱ ወደ ቀኝ ወድቆ እስከ አፋር በረሃ ሲሄድ ያስባል። ለልጆች ከዚህ የተሻለ የጂኦግራፊ ትምህርት የለም፤ መምህር እንኳ አያስፈልገውም።

ወደ እኛ የሚወርደው ውሃ ነገር ግን ያሳዝናል። ቀበና ከእንጦጦ ሲነሣ ንጹሕ ምንጭ ነው። ግንፍሌን ተቀላቅሎ፣ ከትልቁ አቃቂ ጋር ተገናኝቶ ወደ አባ ሳሙኤል ይደርሳል። ከላይ ሲነሣ ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፣ ከብት ይጠጣዋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርዶ ቀለሙም ሽታውም ሌላ ነው። ፋብሪካም፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም፣ የየቤታችን ቆሻሻም ገብቶበታል። ከታች ደግሞ በአቃቂ ወንዞች ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። በዚያ ውሃ በሚለማው አትክልት ላይ ጥናት ያደረጉ ሰዎች ለጤና የሚጎዱ ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል። አትክልቱ ተመልሶ ወደ ገበያችን ነው የሚመጣው። የጣልነውን እንበላዋለን ማለት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ፣ ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥርና በውሃ መገኛ ላይ መጸዳዳትን አጥብቀው ከልክለዋል። መንገድ፣ ጥላ፣ ውሃ። እንጦጦ ማለት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ከዒድ በኋላ ባለው ቀን ወደ ላይ ወጥታችሁ የቤተሰብ ማዕድ የተበላበትን ሣር ተመልከቱ። ጠርሙሱ፣ ፌስታሉ፣ የልጅ ሽንት ጨርቁ የተጣለው በምንጩ አናት ላይ ነው። አጥፊው ሙስሊም ነው አላልኩም፤ ቆሻሻው ሃይማኖት የለውም። ግን ስለ ጠሃራ በየመስጊዱ የሚማር ሰው በዚህ ነገር ከሌላው ቀድሞ ቢታይ አይበዛበትም።

የወንዝ ዳርቻዎቹን ለማልማት መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 29 ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ ዕቅድ ይፋ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀበና በኩልም ጭምር የእግረኛ መንገድ፣ አረንጓዴ ሥፍራና ድልድይ ሲሠራ አይተናል። ምሽት ላይ ከሥራ የወጣ ሰው በወንዝ ዳር በእግሩ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል፤ ለከተማችን አዲስ ነገር ነው። በዚያው ልክ ከወንዙ ዳርና ከአሮጌ ሰፈሮች የተነሡ ቤተሰቦች አሉ። ዕድራቸው፣ መድረሳቸው፣ ጎረቤታቸው የተበተነባቸው ናቸው። በአዲሱ መንገድ ላይ ስንሄድ ትናንት በዚያ ቦታ የማን ጓዳ እንደነበረ ማስታወስ ከምስጋና አያጎድልም። ዘመድ ከሆኑም፣ ርቀው ወደ ተሰጣቸው ቤት ሄዶ መዘየር ከፓርኩ ይቀድማል።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልበልና ላብቃ። በእግር የምትወጡ ከሆነ በቡድን ሁኑ፤ ከተከለለው ፓርክ ውጭ ጫካው ውስጥ ለብቻ መሄድ ለሴትም ለወንድም አይመከርም። ከሰዓት በኋላ በክረምት ዝናቡ ይከብዳል፤ ጠዋት ውጡ። ከከተማው ብርድ ይልቅ የላዩ ይበረታልና ለልጆችና ለአዛውንት ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ። ልብ ወይም አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ፣ ቀስ ብሎ እያረፈ ይሂድ፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሯጮቻችን እዚያ የሚለማመዱትም ለዚሁ ነው። የሰማይ ነገር የሚወድ ልጅ ካላችሁ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የሕዋ ምርምር ማዕከል እዚያው አለ። የረመዳን ጨረቃ ታየ አልታየ እያልን ለምንከራከር ሰዎች ደግሞ ስለ ጨረቃ አወጣጥ አንድ ሁለት ነገር መጠየቂያ ይሆናል።

መስገጃ ያዙ። ዙህር ላይ እዚያው ከደረሰባችሁ መንገደኛ የማይረግጠው፣ ደረቅ ቦታ ምረጡ። ቂብላው ከላይ ሆኖ ቀላል ነው፤ ከተማውን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ዙሩና በጥቂቱ ወደ ቀኝ። ስትጨርሱ ምግባችሁን ብሉ፤ ፌስታሉን በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁ ውረዱ፤ ቆሻሻ መጣያ ሞልቶ ካገኛችሁት አጠገቡ አታስቀምጡት፣ ንፋሱ ወደ ቀበና ነው የሚወስደው።